የሰዓዲያ ቀጋ

«ገጀራውን አቀብይኝ» አሉ አቶ ሞላ፣ ዓይናቸውን ከተጋጠው ጎመን ሳይነቅሉ።

ማሬ ገጀራውን እንደያዘች ቆመች። አባቷ ሊቆርጡት የተነሡት ቀጋ ከእሷ ቁመት አልፏል። የዛሬ ሦስት ዓመት ጓደኛዋ ሰዓዲያ ከገሳይ ከተማ በላስቲክ ጠቅልላ ያመጣችው ችግኝ ነው። የሰዓዲያ ቤተሰብ የሚኖረው ከአባቷ የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ ደጁ ሁሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ቀጋው እዚህ በእነማሬ አጥር ሥር ተተከለ። ቀጋ በጋውን ያለ ውኃ ይችለዋል ብትባልም ሰዓዲያ አትሰማም፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኮዳዋን ሞልታ ትመጣለች። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቡጥ ያዘ።

ቅድም ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ «ጊደሯ ጎመኑ ውስጥ በየት ገባች?» ሲሏት፣ ማሬ «በቀጋው ሥር ባለው ቀዳዳ» ብላ ነበር። ዋሽታ ነው። ጠዋት ለሒሳብ ፈተና ስትሮጥ የአጥሩን በር ሳትቀረቅር የወጣችው ራሷ ናት። ቁጣውን ፈርታ ያመጣችው ሰበብ ወዴት እንደሚሄድ አላሰበችም። በዚህ አገር የአጥር ቀዳዳ የሚደፈነው በቀጋ እሾህ ነው፤ አቶ ሞላ ደግሞ እሾህ ደጃቸው እያለ ጫካ የሚወርዱ ሰው አይደሉም።

«አባዬ፣ እንቡጥ ይዟል እኮ። ትንሽ ቀን ይታገሡት።»

«አበባው ጎመን ይሆነናል? ሥሩ አለ፣ ያቆጠቁጣል። በይ አምጪ።»

እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ማሬ ግን ገጀራውን አቀበለች።

ሰዓዲያ ኮዳዋን ይዛ ስትደርስ ቀጋው ከጉልበት በታች ቀርቷል። ቅርንጫፉ ከነእንቡጡ አጥሩ ላይ ተጠቅጥቋል። አቶ ሞላ ስለ ጊደሯና ስለ ቀዳዳው ነገሯት። ማሬ ጓደኛዋ እንድትጮህ ጠበቀች፤ ብትጮህ በተሻላት ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ ሞላ» አለች ሰዓዲያ። «ባለፈው ስኮተኩት የአጥሩን ሥር ያሳሳሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይሁን ልጄ። ሁለተኛ ግን እዚህ እንዳትቆፍሪ።»

ሰዓዲያ አንገቷን ደፋች። «ሼም ነው እኮ፣ ማሬ» አለች ቀስ ብላ። «ጎመናችሁን አስበላሁት።» ከዚያ ውኃውን ጉቶው ላይ አፍስሳ ወደ በሩ አመራች።

ማሬ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ሰዓዲያም ነገ ክፍል ውስጥ እንደ ወትሮው አጠገቧ ትቀመጣለች። ይሄ ነው ያንገሸገሻት።

«አባዬ፣» አለች፣ በሩ ድረስ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጊደሯ በቀዳዳው አልገባችም። በሩን ሳልቀረቅር የወጣሁት እኔ ነኝ።»

አቶ ሞላ ገጀራውን እንደያዙ ዞሩ። ሰዓዲያ ግን አልዞረችም። እጇን በሩ ላይ አድርጋ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያም ወጥታ በሩን በደንብ ዘጋችው።