ያለ ሰዓቱ የተነፋ ጥሩምባ

ሬሳውን ያገኘው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። በቁርስ ሰዓት አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቅ፣ የቀሩትን ወንድማማቾች ጓደኞቹን ሊጠራ ወደ እንግዳ ማረፊያው ተመለሰ። የታላቅየው ክፍል ባዶ ነበር። በጓሮ በኩል ብቅ ቢል፣ ከብረቱ ደረጃ ግርጌ ታላቅየው ማሊያውን እንደለበሰ በግንባሩ ተደፍቷል። ለቡድኑ የሚነፋው ጥሩምባ አጠገቡ ወድቋል።

የዋንጫውን ጨዋታ በዓይናቸው ሊያዩ ባሕር ተሻግረው የመጡት አራት ናቸው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ የልጅነት ጓደኛቸው ፀጉር አስተካካዩ፣ እና በጡረታ ያለችው የፖሊስ መርማሪ ጎረቤታቸው ሻምበሏ። የልጆቹ እናት ሻምበሏን የሸኘቻት በልመና ነው። «ኳሱ ምኔም አይደለም» ብላታለች። «ሁለቱንም ይዘሽልኝ ነይ።» እዚህ የተቀበላቸው፣ ቲኬታችሁንም እይዝላችኋለሁ ያለው አስጎብኚው ነው።

ሻምበሏ አንሶላ ልታለብሰው ስትጎነበስ፣ የተዘረጋ ክንዱን ወደ ደረቱ ልትመልስ ሞከረች። ክንዱ እንጨት ሆኖ እምቢ አላት። ዝም ብላ ሸፈነችው።

ለአገሩ የፖሊስ አዛዥ ነገሩ ግልጽ ነበር። ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ሲነፋ ሁሉም ሰምተዋል፤ ስለዚህ ሰውየው ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። ወዲያው አስጎብኚው ወርዶ አውቶቡሱ ውስጥ ከሻምበሏና ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ላይ የቀረው ታናሽየው ብቻ ነው። ትናንት ራት ላይ ደግሞ ከወንድሙ ጋር ሲጨቃጨቅ አስተናጋጆቹ ሳይቀሩ አይተዋል። አዛዡ የልጁን ፓስፖርት ኪሱ ከተተ። ሻምበሏ ጨዋታው እስኪጀምር ጊዜ እንዲሰጣት ለመነችው፤ እያቅማማ ፈቀደላት።

ታናሽየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። የተጣሉት እዚሁ እቀራለሁ፣ አገር ቤት አልመለስም ስላለ መሆኑን ነገራት። «‹እማዬን ምን ልበላት?› አለኝ። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነው የተናደደው።» ማታ ሊታረቀው በሩን ቢያንኳኳ መልስ አላገኘም። ንጋት ላይ ጥሩምባውን ሲሰማ ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ ደፋ።

«ለምን?»

«እኔን ሊያበሽቅ በእልህ የነፋው መስሎኝ ነው፣ እትዬ። እሱ እኮ ቡድኑ ሜዳ ሳይገባ አይነፋም።»

ፀጉር አስተካካዩም ብርጭቆውን አስቀምጦ ያንኑ ነገራት። አንድ ጊዜ ቀድሞ የነፋ ቀን ተሸንፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ታላቅየው ቡድኑ ሜዳ ሳይገባ ላይነፋ ምሏል፤ ወንድሙና ፀጉር አስተካካዩም አብረውት ምለዋል።

«ስሰማው ሰውነቴ ቀዘቀዘ» አላት። «የሱ አነፋፍ አልነበረም፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ነው የሚመስለው። ዛሬ አለቀልን ብዬ ዝም አልኩ። ያለቀልን በኳሱ መስሎኝ።»

«ከራት በኋላ ወዴት ሄደ?»

«ቲኬታችንን ልይ ብሎ ወደ አስጎብኚው።»

አስጎብኚው ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሐዘኑን አሳምሮ ነው የተቀበላት። ቲኬቱ በር ላይ እንደሚሰጥ ነገራት። ታላቅየውን ማታ እንዳላየው፣ ንጋት ላይ ግን እንዳየው ተናገረ። «መስኮቱ ላይ ቆሞ ሲነፋ እጄን አውለበለብኩለት። እሱም ከነፈገግታው አውለበለበልኝ፣ ነፍሱን ይማረውና።»

ሻምበሏ አመስግናው ወጣች።

ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አዛዡ በሩ ላይ ቆመ። ከስታዲየሙ በኩል የሕዝቡ ጩኸት እንደ ሩቅ ጎርፍ ይመጣል።

«ሁላችንም ጥሩምባ ሰማን» አለች። «ነፊውን ግን ማናችንም አላየንም። ሟቹን የሚያውቁት ሁለቱ፣ በዚያ ሰዓት እንደማይነፋ ያውቃሉ። የሞተበትን ሰዓት ሊደብቅ የፈለገ ከእነሱ አንዱ ቢሆን፣ ያንን ጥሩምባ አይነካም ነበር። የነፋው መሐላውን የማያውቅ ሰው ነው።»

«በእልህ ቢነፋስ?» አለ አዛዡ።

«ያን ጊዜ ሞቶ ነበር፤ ሊነፋ አይችልም። ስሸፍነው ክንዱ ደርቆ ነበር። ጎህ ሲቀድ የሞተ ሰው ለቁርስ እንዲያ አይደርቅም፤ ሐኪማችሁም ይህንኑ ይነግርሃል። የሞተው ማታ ነው።» ወደ አስጎብኚው ዞረች። «እኛ ሰማን እንጂ አየን አላልንም። አየሁት ያልከው አንተ ብቻ ነህ። በየትኛው እጁ ነው ያውለበለበልህ፣ ልጄ?»

አስጎብኚው ከንፈሩን ላሰ።

«ቲኬት የለም» አለ በመጨረሻ። «ኖሮም አያውቅም። ለፖሊስ እነግራለሁ አለኝ። ደረጃው ላይ ኮሌታዬን ሲይዘኝ ገፋሁት።»

አዛዡ ፓስፖርቱን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ።

ታናሽየው ለእናቱ ደወለ፤ መርዶውን ከእሱ በቀር ማንም እንዳይነግራት ሻምበሏን ለምኗት ነበር። እናቱ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች። ሌሊቱን ሙሉ የታላቅየው ስልክ አልነሳ ብሏት፣ ዓይኗን ሳትከድን ነው ያነጋችው።

«እማዬ…» አለ።

ያኔ ቡድኖቹ ሜዳ ገቡ። ጩኸቱ ምድሩን አናወጠው፤ ከመሀሉም የአንድ የማያውቁት ደጋፊ ጥሩምባ፣ ረጅምና ጥርት ያለ፣ በተከፈተው መስኮት ገባ።

«እሰይ፣ ይኸው የወንድምህ ጥሩምባ» አለች እናቱ፤ ትንፋሿ ሲመለስ ይሰማል። «እኔ ደግሞ ስንቱን ክፉ አሰብኩ።»

ታናሽየው ተነስቶ መስኮቱን ዘጋው።