በነጭ ጉም ውስጥ የቀረ ጥሪ

የዳሞራ ንስሮች ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው መብረር በጀመሩ በሰባተኛው ቀን፣ ዝናብ ጠሪው ከበሮ ነጎዳ ተሰረቀ። የጉም ዘንዶ ወስዶ ጉም በሞላው በነጩ ሸለቆ ሸሸገው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ጠብታ አልወረደም። ከበሮውን ፍለጋ የገቡት አርባ ጀግኖችም አልተመለሱም። አሁን ተራው የትርንጎ ነው። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ውሃ ጥም ግን አስረጅቷታል። ታናሽ እህቷ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ተኝታለች።

መንገድ መሪዋ ሽማግሌው አባ ደምለው በሸለቆው አፍ ሰይፏን አስፈቷት።

«እዚያ የሚታይም የሚሰማም የለም። ዓይን ደግሞ ሥራ መፍታት አይወድም፤ የሚያየው ሲያጣ ከራሱ ይፈጥራል። ጆሮም እንዲሁ ነው። የሚመጣብሽ ሁሉ ጥላ ነው፤ አይነካሽም። ሰላም ብለሽ እለፊ።»

«ታዲያ አርባዎቹን ምን ፈጃቸው?»

«ባህላችን ነዋ! ሰላምታ ያልመለሰ ባዕድ ጠላት ነው ተብለን አድገናል። ጥላ ደግሞ ባለጌ ነው፤ አይመልስም። እሱን እንመታለን ሲሉ እርስ በርሳቸው ተላለቁ። በይ ማይልኝ፤ ማንም ከኋላ ቢጠራሽ፣ እኔም ብሆን፣ እንዳትዞሪ፤ እዚያ የዞረ መውጫው ይጠፋበታል።»

«በነጎዳ ድምፅ እምላለሁ፣ አባ።»

ወገባቸውን በአንድ ገመድ አስረው ገቡ። በመጀመሪያው ቀን ሐምራዊ ግመሎች አየች። በሁለተኛው፣ የሞተች እናቷ በርበሬ ትለቅማለች። «እንደምን ዋልሽ፣ እማዬ» ብላ አለፈች። ማልቀስ ፈለገች፤ ለማልቀስም ደከማት። በሦስተኛው ቀን ዘንዶውን አገኙት፤ ከሞተ ቆይቷል። ነጎዳ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ተቀምጧል። አገሩ ሁሉ ሲፈራው የኖረው አጥንት ነበር።

በመልሱ እሷ ቀደመች። የአባ ደምለው ጉልበት ከድቷቸው ነበርና ከኋላ ተከተሏት። ከቀትር በኋላ «ትርንጎ!» የሚል ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማች። መሐላዋን አሰበች። ገመዱም እንደ ከበደ ነው። አልዞረችም።

ከጉሙ ወጥታ ገመዱን ሳበችው። ገመዱ እንዳይቀልላት ጫፉ ላይ በእሳቸው ምትክ የታሰረው የአባ ደምለው የውሃ ስልቻ ነበር፤ እንደ ሞላ። ለእሷ ብለው አንድ ጉንጭ እንኳ አልጠጡም። ድምፅዋ እስኪዘጋ ተጣራች፤ ሸለቆው አልመለሰላትም።

በዳሞራ አደባባይ ነጎዳን መታችው። ዝናቡ ወረደ። ሕዝቡ እልል አለ፤ እህቷ አፏን ከፍታ ወደ ሰማይ አንጋጠጠች። ንጉሡም ከዙፋናቸው ወርደው «ምን ይደረግልሽ?» አሏት።

ትርንጎ አልሰማቻቸውም። ያ ጥሪ የእውነት ይሁን፣ ሥራ የፈታ ጆሮዋ የፈጠረው፣ አታውቅም። ፊቷን ወደ ሸለቆው አዞረች።

«አቤት፣ አባ» አለች።