ሰብሪና የሰማቻቸው አራት ድምፆች

ኢንስፔክተር አምሳል ወረታ መገንጠያው አጠገብ ካለችው ትንሽ ክሊኒክ ስትደርስ ረፋዱ አምስት ሰዓት አልፏል። አቶ ይርዳው አልጋው ላይ ተሸፍነዋል። የፎገራ ሩዝ ገበሬ ናቸው፤ የሳንባ ምች ይዟቸው ከተኙ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫቸው ወልቆ ትራሱ ላይ ወድቋል። ጣታቸው ላይ ያለችው የኦክስጅን መለኪያ ግን እንዳለች ናት፤ ገመዷም አልጋው አጠገብ ያለው ላፕቶፕ ላይ ተሰክቷል።

«ኦክስጅናቸው ሲወርድ ኮምፒውተሩ ይጮሃል» አለ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር አብዱልሃኪም። «ዛሬ ዝም አለ። ምን እንደነካው እንጃ።»

«ጮኋል እንጂ! እሷ ናት አባቴን የገደለችው!» የሟች ልጅ ቻላቸው ነርሷ ላይ ጣቱን ቀሰረ። በር ላይ የቆሙት ዘመዶች አጉረመረሙ።

«አንተ የት ነበርክ?» አለችው አምሳል።

«ውጭ። ስመለስ ትንፋሹ የለም።»

አምሳል ላፕቶፑን አገላብጣ አየች። ከሁለቱ መሰኪያ ቀዳዳዎች አንዱ ተሰብሮ በፕላስተር ታሽጓል። የግድግዳውን ብቸኛ ሶኬት ደግሞ የኦክስጅኑ ማሽን ይዞታል። ነርሷን ሰብሪናን ወደ ቀጣዩ ክፍል ወሰደቻት።

«እዚህ ሆነሽ ምን ሰማሽ?»

«ቁስል እያጠብኩ ነበር። ጩኸት አልሰማሁም። ጥንግ የምትል ድምፅ ግን ሰምቻለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

ሰብሪና ዓይኗን ጨፈነች። «መጀመሪያ ሁለት። ቆይቶ፣ ቁስሉን ስጨርስ፣ እንደገና ሁለት። ወዲያው ቻላቸው ጮኸ።»

አምሳል ተመልሳ ገመዱን ነቀለችው፤ ጥንግ አለ። ሰካችው፤ ጥንግ አለ። ከዚያ የኮምፒውተሩን መዝገብ ከፍታ አይታ ሁሉንም ሰበሰበች። የሟች ሚስት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤልም ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ።

«ኮምፒውተሩ አልተበላሸም» አለች። «መለኪያዋ ስትነቀል ሰው ፈልጎ ያወጣት ይመስለውና አይጮህም። ሕይወት ካለፈ በኋላ ስትመለስም የምትለካው የልብ ምት የለም። ገመዱ ላልቶ ወልቆ ቢሆን አንዴ ወጥቶ አንዴ ይገባል፤ ሁለት ድምፅ ነው። ሲስተር የሰማችው አራት ነው። ስለዚህ በመሀል ሌላ ዕቃ ገብቶ ወጥቷል።»

«ምን ዕቃ?» አለ ዶክተሩ።

«የተሰካውንና የተነቀለውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ከነሰዓቱ፣ ከነመለያ ቁጥሩ ይመዘግባል። አራት ከአሥር ላይ መለኪያዋ ወጣች፤ ስልክ ገባ። አራት ከሠላሳ ስምንት ላይ ስልኩ ወጣ፤ መለኪያዋ ተመለሰች። በዚህ መሀል የኦክስጅኑ ቱቦ ወልቋል፤ ሃያ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ግን የሚጠብቃቸው አልነበረም። ስልኮቻችሁን አምጡ።»

የዶክተሩ ተሰካ፤ ቁጥሩ ሌላ ነው። የሰብሪናም ሌላ ነው። ቻላቸው ኪሱን በእጁ ሸፈነ።

«የኔ ባትሪ የለውም።»

«ጠዋት አልነበረውም። አሁንማ አለው። ስጠኝ።»

ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር አንድ ሆነ። አምሳል ሌላ እንዲሆን ስትመኝ ነበር።

«ለእህቴ ተሽሎታል ብዬ ልደውል ነበር» አለ ቻላቸው። «ቻርጅ እስኪያደርግ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ከንፈሩ ጠቁሯል። ፈራሁ... ነቅዬ እንደነበረ መለስኩት።»

«ከዚያም ሲስተርን ነፍሰ ገዳይ አልካት።»

ዘመዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ቃሬዛውን አስገቡ። ቻላቸው ዕንባውን ጠርጎ አንዱን ጫፍ ሊይዝ ጎንበስ ሲል ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከወንበራቸው ተነሡ።

«አንተ ተው» አሉት ቀስ ብለው። «ሌላ ሰው ይሸከመው።»