በሽቦ ቤት የቦነነው አመድ

እኔ በሟርትም በሕልም ፍቺም የማምን ሴት አልነበርሁም፣ እንዲያውም ሹም አቦ በሚባለው ሰፈራችን ሴቶች ተሰብስበው «እንዲህ ታየኝ፣ እንዲህ ሰማሁ» ሲሉ «እንቅልፍ ወስዷችሁ ይሆናል» እያልሁ የማበሽቃቸው እኔው ነበርሁ፣ ስለዚህ አሁን በምነግራችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም፣ ግን እመኑኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ባለ አንድ የመንግሥት የዶሮ እርባታ እንቁላል ሰብሳቢ ነበርሁ። በአሮጌው ቤት ዶሮዎቹ መሬት ላይ ይውላሉ፣ ገለባ ይጭራሉ፣ ሲመሽ ቆጥ ላይ ይወጣሉ፣ እርግጥ ይነካከሳሉ፣ እንቁላሉንም ያቆሽሹታል። እኔ የተዛወርሁበት አዲሱ ቤት ግን የሽቦ ሳጥን የተደረደረበት ነው፣ ዶሮዎቹ ተጣበው ይቆማሉ፣ ክንፍ መዘርጊያ የላቸውም፣ ጥፍራቸው ረዝሞ ሽቦው ላይ ይጠመጠማል፣ እንቁላሉ ግን ንጹሕ ነው፣ ራሱ እየተንከባለለ ይመጣል፣ ኃላፊያችን «ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው ጓዶች!» ይሉን ነበር።

የባሰው ምን መሰላችሁ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ባዶ ሽቦ ላይ በጎናቸው ጋደም ብለው ክንፋቸውን እያራገቡ የሌለ አፈር ይታጠቡ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሆዴ ይባባ ነበር፣ በኋላ ምንም አይሰማኝም፣ ያን ጊዜ ስለ ምንም ነገር ምንም አይሰማኝም ነበር፣ ይሁን የሚባለው ታናሽ ወንድሜ ከብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሸሽቶ አገር ቤት አንበሳሜ እናቴ ቤት ተደብቆ ነበርና፣ ፍርሃት ሲከርም ሰውን ያደነዝዛል። የእሱ ጠባቂዎች የእናቴ ዶሮዎች ነበሩ ብላችሁ ታምናላችሁ? ቁንጫ እንዳይፈጃቸው እናቴ ከጎተራው ሥር አመድ ትደፋላቸዋለች፣ እዚያ ሲታጠቡ ይውላሉ፣ ባዕድ ሰው አጥሩን ሲነካ ያሽካካሉ፣ ይሁን ሰምቶ ጎተራ ውስጥ ይገባል፣ ስንት ጊዜ አትርፈውታል።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ወለሉን የሚያጥቡት እትዬ የሻረግ፣ የአንድ መሪጌታ ሚስት ናቸው፣ ዶሮዎቹን አይተው «ምነው እመቤቴ፣ ለአንዲት ቀን እንኳ የዶሮ ወግ ብታሳዪአቸው» አሉ። እኔም እንደ ልማዴ «አሜን» አልሁ፣ ከአፌ ወጣ እንጂ አላሰብሁበትም።

ብዙም ሳይቆይ ጥፍር ደረቅ መሬት ሲጭር ሰማሁ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ያውም ታጥቦ ገና አልደረቀም። ዞር ስል ዶሮዎቹ በሙሉ ጋደም ብለዋል፣ ከሥራቸው ነጣ ያለ አመድ ይቦናል፣ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ እየተንሳፈፈ መጥቶ ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ ስዳስሰው ለብ ይላል፣ ኩበት ኩበት ይሸታል።

«እትዬ፣ ያዩታል?»

«አያለሁ ልጄ፣ ዝም በይ» አሉኝ፣ አማተቡ።

ዶሮዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፣ እንደዚያ ደስ ያለው ፍጡር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ከዚያ አመዱ መቦነኑን አቆመ፣ ዶሮዎቹ ተነሥተው ሽቦው ላይ እንደ ወትሯቸው ተደረደሩ፣ ወለሉም እርጥብና ንጹሕ ነበር፣ አመዱ የቀረው ጋዋኔ ላይ ብቻ ነው።

እሑድ አንበሳሜ ወረድሁ። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ወሰዱት» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ከሁሉ ነገር መርጬ «ዶሮዎቹስ?» አልኋት።

«እንጃ ልጄ፣ የዚያን ለት ምን እንደነካቸው፣ ከጎተራው ሥር ክንፍ ለክንፍ ተጣብቀው ቆሙ፣ አይጭሩ፣ አይንቀሳቀሱ፣ ጥሬ ብበትንላቸው አንገታቸውን ያሰግጋሉ እንጂ እግራቸውን አያነሡም። ሰዎቹ ተራምደዋቸው ገቡ፣ ይሁንን ከግቢው መካከል ያዙት፣ አንዲቷም አላሽካካች።»

ቀኑን ጠየቅኋት፣ አመዱ የቦነነበት ያው ቀን ነው፣ ያው እኩለ ቀን። ወደ ጓሮ ዞርሁ፣ ዶሮዎቹ እንደ ድሮው ይጭራሉ፣ የአመዱ ጉድጓድ ግን እስከ ጥቁሩ አፈር ድረስ ባዶ ነበር፣ እናቴ አልጠረግሁትም ብላ ማለች።

ይሁን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እኔም አላለቀስሁም፣ እንባው ከየት ይምጣ። ዛሬ ዶሮን ሽቦ ውስጥ ማኖር ግፍ ነው የሚል ሰው ስሰማ እውነት ነው እላለሁ፣ አይቻለሁና። ብቻ ሽማግሌ ሲመርቅ፣ ሰው ሁሉ «አሜን» ሲል፣ እኔ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ እንጂ ድምፅ አላወጣም፣ የሚሰጠው ከማን ተወስዶ እንደሆነ አላውቅም።