የአራተኛው ብርጭቆ ምሬት

«ዶርካስ፣ ይሄ ምን ብታደርጊበት ነው እንዲህ የሚመረው?» አለ ክሌመንት ሆልሮይድ አራተኛውን ብርጭቆ ጨልጦ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ደረቱን ይዞ ከወንበሩ ተንሸራተተ፤ ሐኪም ሲደርስ ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ይህ የሆነው በዮርክሻየር፣ በስካርዴል መንደር፣ «ጥቁሩ በግ» በተባለው መጠጥ ቤት፣ የዓመቱ የመራራ ቢራ ውድድር በሚዳኝበት ቀን ነው፤ ክሌመንት ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ነበር። ሐኪሙ የቀሩትን ጠብታዎች መርምሮ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ ደካማ ልብን የሚያቆም የመራራ ቅጠል ጭማቂ አገኘ። በክሌመንት ብርጭቆ ብቻ። ቢራው በመጣበት ጆግም፣ በሌሎቹ ብርጭቆዎችም አልነበረም።

ጣቶች ሁሉ ወደ ዶርካስ አክሮይድ ተቀሰሩ። መጠጥ ቤቱ የእሷ ነው፤ ብርጭቆዎቹን ያጠበችው፣ ቢራውንም ከምድር ቤት ቀድታ ያመጣችው እሷ ናት። ባለፈው ወር ደግሞ ክሌመንት «የዚህች ሴት ምድር ቤት አይጥ ይጨፍርበታል» ብሎ መንደሩን ሁሉ አስቆባታል። በዚያን ጊዜ ሰው የገደለ በገመድ ይሰቀላል። ዶርካስ ሳታውቀው እጇ አንገቷን ይዳብስ ጀመር።

ኢንስፔክተር ሃርግሪቭ ከሻይ ሌላ ጠጥቶ የማያውቅ፣ ጸሎተኛ ሰው ነው። «ስለ ቢራ እንደ ሕፃን አስረዱኝ» አላት። «የትኛው ቁጥር የማን ቢራ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«እኔ ብቻ። ዳኞቹ ሳያውቁ ነው የሚቀምሱት፤ ደንቡ ነው።»

«አራተኛው የማን ነበር?»

«የስኬልደን ሊሆን ነበር። ከሁሉም የሚመረው እሱ ነው። በርሜሉን በዋዜማው አራተኛ ላይ አስቀምጬው ነበር። ጠዋት ስቀዳው ግን አተላው አልዘቀጠም፤ ድፍርስ። ድፍርስ ቢራ ለዳኛ አይቀርብም። ስለዚህ በተጠባባቂው በሎንግሪግ ተካሁት፤ እሱ ጌሾው ለዘብ፣ ብቅሉ ጣፈጥ ያለ ነው።»

«መተካቱን ለማን ነገሩ?»

«ለማንም።»

«በዋዜማውስ ምድር ቤት የገባ ሰው ነበር?»

ዶርካስ ጨርቅ አንስታ ባንኮኒውን መወልወል ያዘች። ጋሼ አምብሮዝ እንደ ልማዱ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ነበር። «በርሜሎቹን ልሳለማቸው» ይላል በየዓመቱ፤ እሷም ትከፍትለታለች። አምብሮዝ ቲንዳል የዳኞቹ አለቃ ነው፤ ቢራን አስተኝቶ ማጥራትን ያስተማራት፣ በሰው ፊት «ልጄ» የሚላት እሱ ነው። ከውድድሩ በፊት ምድር ቤት መግባቱ ቢሰማ ወንበሩን ያጣል።

«ማንም አልገባም» አለች።

ኢንስፔክተሩ ሻዩን አማሰለ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

ቀጥላ የተጠየቀችው ሦስተኛዋ ዳኛ፣ የጠማቂ ሚስት የነበረችው ፊሊስ ክራብትሪ ናት። ዶርካስ ባንኮኒውን እየወለወለች ትሰማለች።

«አራተኛው እንዴት ነበር?»

«የሕፃን ሽሮፕ! ክሌመንት መረረኝ ሲል ዛሬስ ለየለት አልኩ።»

«ከመረረው ለምን አልተፋውም?»

«የሚተፋ ወይን ቀማሽ ነው፣ ኢንስፔክተር። የእኛ ቢራ ምሬቱ የሚታወቀው ሲዋጥ፣ ጉሮሮ ላይ ነው። ክሌመንት ኮሶም ቢሰጡት ሳይውጥ አይፈርድም።»

«ይጠሉት ነበር ይባላል።»

«የባሌን ቢራ የዝናብ ውሃ ነው ብሎ የሰውየውን ልብ ሰብሮታል። እና ልውደደው? ግን እኔ የጠላሁትን ፊት ለፊት ነው የምሰድበው፤ መርዝ የዝምተኛ ሥራ ነው።»

ከዚያ አምብሮዝ ገባ። ሽበታም፣ ግርማ ያለው ሽማግሌ ነው፤ አገሩ «ባለምላሱ» ይለዋል። «አራተኛው?» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «ደረቅ። ጌሾው የበረታ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቆይ ምሬት ያለው። ክሌመንት መረረኝ ቢል ምን ይገርማል?»

ዶርካስ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ያ ጣፋጭ ቢራ መራራ? እርጅና ነው ብላ አለፈችው። ለሚወዱት ሰው ሰበብ አይጠፋም።

በማግስቱ ከሰዓት ኢንስፔክተሩ ሦስቱንም በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበ። «ዛሬ ቀጂው እኔ ነኝ» አለና ለሁለቱ ዳኞች ብርጭቆ አቀረበ። «አቶ አምብሮዝ፣ እንደ አለቃነትዎ ይቅደሙ።»

አምብሮዝ አሸተተ፣ ጠጣ፣ ዋጠ። «ስኬልደን ነው። ደረቅ፣ ሲዋጥ ንጹሕ።»

ፊሊስ ተጎነጨችና መሬት ላይ ተፋችው። «ጨው! ቢራ ነው ወይስ የባሕር ውሃ?»

«አንድ ጭብጥ ጨው ጨምሬበታለሁ» አለ ሃርግሪቭ። የአምብሮዝ እጅ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ።

«ገዳዩ መራራ መርዙን መራራ ቢራ ውስጥ ሊደብቅ ፈለገ። ታዲያ ጣፋጩን አራተኛ ለምን መረጠ? አራተኛው ስኬልደን ነው ብሎ ስላሰበ። ስለዚህ የዋዜማውን አቀማመጥ አይቷል፤ የጠዋቱን ለውጥ ግን አያውቅም። ወይዘሮ ዶርካስ ቢሆኑ የተኩት ራሳቸው ናቸው፤ አራተኛን አይመርጡም ነበር። ወይዘሮ ፊሊስም ጣፋጭ መሆኑን በመጀመሪያ ጉንጭ አውቀዋል። በአፉ ይዞትም ያላወቀ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከጆጉ ወደ ብርጭቆ እየቀዳ ለዳኞቹ የሚያድለውም እሱ ነው። አቶ አምብሮዝ፣ ምላስዎ ከሞተ ስንት ጊዜ ሆነው?»

አምብሮዝ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ለካ!» አለች ፊሊስ ጠረጴዛውን መትታ። «ክሌመንት ‹አምብሮዝ ራሱ ካልተናገረ ዘንድሮ እኔ አጋልጠዋለሁ› ይል ነበር። የምን ሚስጥር ነው ብዬ ስቄ አለፍኩ!»

«ምላሱ ሲከዳው በዓይኑ መዳኘት ጀመረ» አለ ኢንስፔክተሩ። «በርሜሎቹንና ቁጥራቸውን አስቀድሞ እያየ። በሩን የከፈተለትን ሰው ብቻ ነው የማላውቀው።» አሁን ዶርካስን አያት። «ቢነግሩኝ ይሻላል። ካልነገሩኝ ችሎት ፊት የምድር ቤቱ ቁልፍ ያለው በእርስዎ እጅ ብቻ ነው።»

ዶርካስ አምብሮዝን ታየው ጀመር፤ ራሱ ይናገራል ብላ ጠበቀች። ከልቧ ጠበቀች።

«እኔ ያን ምድር ቤት ረግጬው አላውቅም» አለ አምብሮዝ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ቁልፉ የእሷ፣ ጆጉ የእሷ፣ ጠቡም የእሷ። ምስኪን ልጅ ናት፤ ቂሟ ግን ከባድ ነው።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ዶርካስ ወድቃ አየችው። ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረች።

«ወርዷል» አለች። «በየዓመቱ ወርዷል። የከፈትኩለት እኔ ነኝ፤ ዘንድሮም። ሊሳለማቸው መስሎኝ ነበር። ለእሱ ብዬ ነው ለእርስዎ የዋሸሁት።»

አምብሮዝ በእውነት የተበደለ ሰው መሰለ። «አንቺ እንኳ አትናገሪም ብዬ ነበር፣ ዶርካስ። የተማመንኩት በዚያ ነው።»

«ገመዱ አንገቴ ውስጥ ሲገባም?»

ኢንስፔክተሩ የአምብሮዝን ክንድ ይዞ አስነሳው። በሩ ጋ ሲደርሱ አምብሮዝ ዞሮ «ልጄ» አላት።

«አትጥራኝ» አለችው። ዕድሜዋን ሙሉ እርስዎ ስትለው ኖራለች፤ ዛሬ ግን አፏ እንቢ አላት። «አንተ እኮ የወለድከው ልጅ ቢኖርህ በእሱም ታሳብብ ነበር።»

ፊሊስ መጥታ ትከሻዋን ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ዶርካስ ፈቀቅ አለችባት።