ሦስት ጊዜ የተቀየረው መስታወት

ሳልቪና ያን ቀን ከገደሉ አናት የወረደችው ደሟ ፈልቶ ነው። የጎዞ ደሴት ሰው ነሐሴ ሲገባ ወንበሩን ተሸክሞ ባሕሩ ዳር ካለው ገደል ጥላ ሥር ይከትማል፤ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ያንቀላፋል። አናቱ ላይ የተንጠለጠለውን ቋጥኝ ቀና ብሎ የሚያይ ግን የለም። ከሥር ያለውን ለስላሳ ሸክላ አፈር ማዕበሉ በልቶ ሲጨርሰው ያ ሁሉ ድንጋይ ምን ላይ ሊቆም ነው?

የሳልቪና ሥራ ይህንኑ መከታተል ነበር። አናት ላይ ባለው ስንጥቅ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን መስታወት በሲሚንቶ ተጣብቋል። ቋጥኙ ትንሽ ፈቀቅ ካለ መስታወቱ ይሰበራል፤ ከተሰበረ ዳርቻው ይዘጋል። ዘንድሮ በየሳምንቱ እየወጣች አይታለች፣ "ምንም አልሆነም" ብላም ፈርማለች። ዛሬ ጎንበስ ብላ ብታይ ባለፈው ሳምንት መስታወቱ ላይ በሚስማር የጫረችው የስሟ ፊደል የለም። መስታወቱ አዲስ ነው።

ማን እንደቀየረው ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለጋትም። ከገደሉ ሥር ዓሣ እየጠበሰ ወደሚሸጠው ዊስቲን በቀጥታ ሄደች።

"ጋሼ ዊስቲን፣ መስታወቱን አንተ ነህ የቀየርከው?"

"ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል! ንግሡ እኮ አምስት ቀን ነው የቀረው። ዳርቻው ከተዘጋ ይሄን ሁሉ ዓሣ ለድመት ልበትነው? ደግሞ ፍየል ረግጦት ይሆናል።"

"ስንት ጊዜ ነው የረገጠው ይሄ ፍየልህ?"

ዊስቲን መጥበሻው ላይ አቀረቀረ። "ሦስት ጊዜ።"

"ሦስት ጊዜ! እኔ ደህና ነው እያልኩ ስፈርም፣ አንተ ሦስት ጊዜ! አንተ ሰውዬ ጤና የለህም?"

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። "አያቴም እዚሁ ጥላ ሥር ነው ያረጀው" አለ ዓሣ አጥማጁ ናርዱ ዳቦውን እያላመጠ። "ምነው፣ ልታሟርቺብን ነው እንዴ?"

የገደሉን ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡት የዊስቲን እናት፣ እማማ ጁዛ፣ አልሳቁም።

"ና እስቲ ወዲህ" አሉት ልጃቸውን። "ሦስት ጊዜ ሲሰበር አይተሃል?"

"እማዬ፣ እሷ እኮ ስታካብድ ነው..."

"መልስልኝ! አይተህ ነው በየጠዋቱ ወንበሬን እዚህ የምታስቀምጥልኝ?"

ዊስቲን ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ።

"አንሳ ወንበሬን" አሉት።

አነሳ። የእናቱን ወንበር ተሸክሞ ወደ ፀሐዩ ሲወጣ ያየ ሁሉ ሳቁን ዋጠና የራሱን ወንበር አነሳ። ናርዱ እያጉረመረመ ከሁሉም መጨረሻ ወጣ። ሳልቪና ከኋላቸው ገመዱን ወጥራ ዳርቻውን ዘጋች።

በንግሡ ዕለት ረፋድ ላይ ቋጥኙ ወረደ። የዊስቲን መጥበሻ፣ የናርዱ ጀልባ ከነማደሪያዋ፣ የእማማ ጁዛ መቀመጫ ቦታ፣ ሁሉም ድንጋይ ሥር ገባ። ሰው አልሞተም። ያተረፋቸው የአንዲት አሮጊት ቁጣ ነው፤ እነሱማ ለመሞት ወረፋ ይዘው ነበር።

በዓመቱ ነሐሴ ናርዱ ገመዱን ተሻግሮ፣ በተረፈው ገደል ሥር ጥላ ፍለጋ ገባ። "ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ምን ይመጣል?" አለ።

"ውጣ ከዚያ!" ብሎ ጮኸበት ዊስቲን። "እኔ ለጥብስ ዓሣ ብዬ እናቴን ልቀብር ነበር! አንተ ለጥላ ብለህ ማንን ልታስለቅስ ነው?"