የሐመልማል ጥቅሻ

ከበሮው በድንገት ፈጠነ። ከፊት የቆሙት ሴቶች ገና በዝግታው ሲያሸበሽቡ፣ ከኋላ ያሉት ወንዶች በፈጣኑ ምት ማጨብጨብ ጀመሩ። መሐል ላይ ያሉትም ግራ ተጋብተው ቆሙ።

«ኪዳኑ! ማን ፍጠን አለህ?» አለች ሐመልማል።

«አንቺ ነሻ! ጠቀስሽኝ እኮ!»

የአዳራሹ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

በዚህ የደባርቅ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የሚመራ ሰው እጆቹ ሽብሸባ ላይ ናቸው። ስለዚህ ከዝግታው ወደ ፈጣኑ ምት መሻገሪያውን ለከበሮ መቺው የሚነግረው በግራ ዓይኑ ጠቅሶ ነው። ዘንድሮ የከተራን መዝሙር እንድትመራ የተመረጠችው የአሥራ አምስት ዓመቷ ሐመልማል ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ቦታ ነው። ዛሬ ግን አልጠቀሰችም። የዓይኗ ቆብ በራሱ ጊዜ ነው የወረደው።

ይህ ነገር ከጀመራት ሰንብቷል። ጠዋት ጠዋት ምንም የላትም። ከሰዓት በኋላ፣ በተለይ ትምህርት ውላ ልምምድ ስትመጣ፣ የግራ ዓይኗ ቆብ እየከበደ ይወርዳል። ይባስ ብሎ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል። አሁንም ሁለት ኪዳኑ ሁለት ከበሮ ታቅፈው ይስቁባታል። አንዱም በዝቶባት ነበር።

ብትናገር መሪነቱን ይነጥቁኛል ብላ ስለፈራች ለጓደኛዋ ለሲሲ ብቻ ነው የነገረቻት። ሲሲ ደግሞ ጓደኛዋ ሲሳቅባት ዝም ብላ የምታይ ልጅ አይደለችም።

«ምን ያስቃችኋል? ሆን ብላ ነው!» አለች ሲሲ። «ቀደም ብሎ ማፍጠን አዲስ ስልት ነው። ተለማምደነዋል!»

ሐመልማል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። መምህራቸው ዲያቆን ቴዎፍሎስ ግን አገጫቸውን እያሻሹ፣ «እስቲ ድገሙት» አሉ። ደገሙት። «እንዴ! ያምራል እኮ! ለከተራም ልክ እንደዚሁ ይሁን።»

ወደ ቤት ሲሄዱ ሐመልማል፣ «ገደልሽኝ እኮ! የማይታዘዘኝን ዓይን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንዴት በሰዓቱ ላውርደው?» አለቻት። ሲሲ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተችና ሳቋ ቀደማት። ሳቁ ወደ ሐመልማልም ተጋባ።

ቤት ገብታ ሻይ ስትቀዳ ግን ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እናቷ ውቢት አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻትና ፊቷን አየች። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በር ላይ ጠብቃ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት።

የዓይን ነርሷ ሲስተር ፀጋ ናት። ሐመልማል በየተራ አንድ አንድ ዓይኗን እየሸፈነች ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እስከ ታች አነበበች። «ማየቱንስ በደንብ ታያለች» አለች ሲስተር ፀጋ። ቀጥሎ ጣቷን ከፍ አድርጋ ዓይኗን ሳትነቅል እንድታየው ነገረቻት። ትንሽ ቆይቶ የግራው ቆብ ቀስ እያለ ወረደ። ሲስተር ፀጋ ከክትባት ማቀዝቀዣው የበረዶ ከረጢት አወጣችና በፋሻ ጠቅልላ የግራ ዓይኗ ላይ አኖረችው።

«ኧረ ሲስተር! የደባርቅ ብርድ አንሶኝ ነው?»

«ታገሺኝ እስቲ።»

በረዶውን አንስታ መስታወት ሰጠቻት። ሁለቱም ዓይኖቿ ቦግ ብለዋል! እናቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «ዳነችልኝ?»

«አልዳነችም፤ ግን ሕመሟን የት እንደምንፈልግ ጠቆመችን። ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ በነርቭ እየተጓዘ ጡንቻው ጋ ይደርሳል። የሷ ጡንቻ ትእዛዙን በደንብ እየተቀበለ አይመስለኝም። ሲደክማት የሚብስባት ለዚህ ነው። ቅዝቃዜ ለጊዜው ያግዘዋል። እንዲህ ያለ የነርቭና የጡንቻ ሕመም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው በዓይን ነው። ማያስቴኒያ የሚሉት ይመስለኛል፤ የሚያረጋግጠው ግን ጎንደር ያለው የነርቭ ሐኪም ነው። ከሆነም መድኃኒት አለው።» ወደ ሐመልማል ዞረች። «እስከዚያ ከሰዓት በኋላ እረፊ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወዲያው ነይ።»

የጎንደሩ ቀጠሮ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። ሐመልማል መድኃኒት አለው መባሉን ስትሰማ ደስ አላት፤ እረፊ መባሏ ግን አሳሰባት። የከተራ መዝሙር ከሰዓት በኋላ ነው።

«በረዶ ይዤልሽ እቆማለሁ!» አለች ሲሲ ስትነግራት። «በነጠላዬ ሥር ደብቄ! ማን ያያል?»

ሐመልማል በሳቅ ሞተች። ግን እውነቱን ለመናገር፣ አሰበችበት። ልምምዱ እስኪጀመር ድረስ ስታስብበት ቆየች።

«በሉ ያንን ስልት አሳዩን» አሉ ዲያቆን ቴዎፍሎስ። ኪዳኑ ከበሮውን አንግቶ ዓይን ዓይኗን ያያል። ጥቅሻው እንዳያመልጠው እሱ ራሱ ዓይኑን አያርገበግብም። ሐመልማልን አሳዘናት። እጆቿን አወረደች።

«መምህር፣ ስልት አልነበረም። ዓይኔ ነው።» በረዶውንም ጎንደሩንም ተናገረች።



«እና... አልጠቀስሽኝም ማለት ነው?» አለ ኪዳኑ፣ ፊቱ ቅጭም ብሎ።

አዳራሹ እንደገና በሳቅ ፈረሰ፤ ዲያቆን ቴዎፍሎስም አብረው ሳቁ። «እግዚአብሔር ይማርሽ ልጄ። ታዲያ ከተራን ማን ይምራልን?»

ሐመልማል ከፋት፤ ይህን ጥያቄ ነበር የፈራችው። ግን መልሱን ይዛ ነው የመጣችው። «ሲሲ ትምራ። ስልቱንም የፈጠረችው እሷው ናት። እኔ የጥምቀትን ጠዋት ልምራ፤ ጠዋት ዓይኔ ይታዘዘኛል።»

ዲያቆን ቴዎፍሎስ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሲሲም ሮጣ መጥታ አቀፈቻት።

በከተራ ዕለት ሲሲ ያን ሁሉ ሕዝብ እያስጨበጨበች ስታልፍ፣ ሐመልማል ከእናቷ ጎን ተቀምጣ አጨበጨበች። ትንሽ ቀናች። ሁለት ሲሲ ስለታያት ግን ሁለት ጊዜ ኮራችባት።

በማግሥቱ ጠዋት ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ገና አልቀለጠም። ሐመልማል ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ቆመች። ሁለቱም ዓይኖቿ ተገልጠዋል፤ ኪዳኑም አንድ ነው። ዝግታውን እስከ መጨረሻው ስንኝ ድረስ አስኬደችው። ኪዳኑ አንገቱን አስግጎ እየጠበቃት ነው። ትንሽ አስጠበቀችውና ሆን ብላ፣ በግራ ዓይኗ፣ ጠቀሰችው።